የሌሊት ዋጋ

ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 22 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሰይፈዲን፤ ባለህበት በጀርመን አገር።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ ከብርዱም ከክፉ ሰውም ይጠብቅህ፤ የሄድክበትን አስጨርሶ በእናትህ ዓይን ፊት ያቁምህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ረመዳኑንም ልናጋምሰው ነው።

የላክኸው የኤሌክትሪክ ካውያ በመስከረም ደርሷል። አምጪው ሰውዬ እግዜር ይስጠው፣ አጠና ተራ ድረስ መጥቶ፣ እንጨት ከምሸጥበት ቦታ በእጄ አስረከበኝ። እናትህ ሰዓዳ ካርቶኑን ስትከፍት አለቀሰች። «የከሰሉ ጭስ ራሴን ሲበጠብጠኝ ልጄ እዚያ ማዶ ሆኖ ታየው» ነው ያለችው። አሮጌው የከሰል ካውያ አሁን የዶሮ ማሰሪያ ሆኗል።

ወደ ችግሬ ልምጣ፤ አጎትህ ነገር ሆዱ ውስጥ አያሳድርም። እንደምታውቀው የግቢያችን ቆጣሪ በኔ ስም ነው። ከዋጋነሽ ቤት ጀምሮ እስከ አጥሩ በር ያሉት ጎረቤቶች ሁሉ ከኔ ሽቦ ስበው ነው የሚያበሩት፤ ወር ሲሞላ ያዋጣሉ። ታዲያ ካውያው ከገባ ወዲህ ቆጣሪው ጅብ እንዳየ አህያ ይሮጣል። ሂሳቡ ሲመጣ ዋጋነሽ ደጄ ላይ ቆማ፣ «ጋሼ ሽኩር፣ የማበራው አንዲት አምፖል፣ የምከፍለው የቤተ መንግሥት!» ብላ ሰፈሩን ሰበሰበችብኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ ካለህ ላይ ለመብራቱ የምትሆን ትንሽ ነገር ብትልክልን ከሰው አፍ ታወጣኛለህ።

እናትህ ያስጻፈችኝን እንዳለችው ልጻፍልህ፦ «ሰይፉዬ፣ ደህና ነኝ። ካልሲህን ደርብ።» ይኸው ነው። ሌላም ጨምሪ እንጂ ብላት «እሱ ይገባዋል» አለችኝ።

አጎትህ ሽኩር


ሽቱትጋርት
ኅዳር 28 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ሽኩር፣

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ዕድሜና ጤና አላህ ይስጥልኝ። ዘግይቶም ቢሆን እንኳን ለዒድ አደረሳችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ቀን ፋብሪካ ውስጥ ሙያ እማራለሁ፣ ማታ የጽሑፍ ትምህርቱን አጠናለሁ። ካልሲም እደርባለሁ፤ ይንገሩልኝ።

የመብራቱ ነገር አስገርሞኛል። እማዬ ስንት ቀሚስ አላት? የእሷንና የእርስዎን ልብስ ለመተኮስ ቆጣሪ እንዲህ የሚሮጥ አይመስለኝም። እስቲ በደንብ ይጻፉልኝ።

ግን አንድ ብልሃት ልንገርዎት። የምኖረው ፍራው ኬለር በሚባሉ ባልቴት ቤት፣ ላይኛው ክፍል ነው። እኚህ ሴትዮ በውስጡ ጡብ የተደረደረበት የኤሌክትሪክ ምድጃ አላቸው። ሌሊት ጡቡ ይግላል፣ ቀን ሙሉ ሙቀቱን ይሰጣል። ለምን ሌሊት? ብዬ ብጠይቃቸው፣ ሌሊት ፋብሪካዎቹ ስለሚቆሙ ኤሌክትሪኩ ይተርፋል፣ ስለዚህ ዋጋው ይረክሳል አሉኝ። ቆጣሪያቸው የቀኑን ለብቻ፣ የሌሊቱን ለብቻ ይቆጥራል። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አራት ሰዓት ሳያልፍ ልብስ አያጥቡም፣ ውሃ አያሞቁም። በዚህ ብቻ ሂሳባቸው ምን ያህል እንደወረደ ሲያወሩ ፊታቸው ይበራል።

እናንተም ካውያውንና ከባድ ከባዱን ወደ ሌሊት ብታዛውሩት ይቀልላችኋል። ኤሌክትሪክ የትም አገር ያው ኤሌክትሪክ ነው።

ለመብራቱ የሚሆን ጥቂት ማርክ ልኬአለሁ። ብዙ ባይሆንም በፍቅር ይቀበሉኝ።

ልጅዎ ሰይፈዲን


ኮልፌ
የካቲት 6 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰይፈዲን፣ ለግቢያችን ብርሃን።

አላህ ዕውቀትህን ይጨምርልህ፤ ከሰው ዓይን ይሰውርህ። ደብዳቤህን አጠና ተራ ላይ ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት፤ እንጨት ሊገዛ የመጣ ሰው እስኪሰለቸው። ጁምዓ ከሶላት ስመለስ ግቢውን በሙሉ ሰበሰብኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ከዚያ ባለቆጣሪው እኔ ነኝና አዋጅ ነገርኩ፦ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ግቢ ከምሽቱ አራት ሰዓት በፊት ካውያ አይሰካም፤ ራዲዮ ከዜና በቀር አይከፈትም፤ እንግዳ ወይም በሽተኛ ከሌለ አምፖል አይበራም። እራታችንን በኩራዝ እንበላለን።

ዋጋነሽን ታውቃታለህ፣ ምላሷ አያርፍም። «ጋሼ ሽኩር፣ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዳይሆንብዎት። የጀርመን ፋብሪካ ሲተኛ የኮልፌን መብራት ምን አገባው?» አለችኝ። እኔም «አንቺ ጀርመንን የት ታውቂያትና?» ብዬ ኩም አደረግኋት። ሰው ሁሉ ሳቀባት። እናትህ ብቻ አልሳቀችም፤ አንተን አንተን እያሰበች ፊቷ ፈክቶ ነበር።

ሂሳቡ እስካሁን አልቀነሰም። ቢሆንም ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ቆጣሪውም ልማዱን በአንዴ አይተውም።

ስለ ቀሚሶቹ ጠይቀኸኛል። እናትህ «ለሰይፉ አትንገረው፣ ከሰማ ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል» ብላ አስምላኝ ነበር፤ መሐላዬን ማፍረሴ ነውና አላህ ይቅር ይበለኝ። ከጦር ኃይሎች ወዲያ ላሉ መኮንኖች ልብስ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። ካውያህ ከደረሳት ጀምሮ ነው። ዘንድሮ እንጨቱ አልሄደልኝም፤ እሷም በወንድሟ እጅ መኖር ሰልችቷታል። አሁን በምክርህ መሠረት ቀን ታጥባለች፣ ሌሊት ትተኩሳለች። ሌሊቱ ጸጥ ያለ ነው፣ ደስ ይለኛል ትላለች። አደራህን፣ ጥለህ እንዳትመጣ! ብትመጣ እሷ እኔን አትምረኝም።

ቃሏ ይኸው፦ «ሰይፉዬ፣ የነገርከን ሁሉ እየተሠራበት ነው። ካልሲህን ደርብ።»

አጎትህ ሽኩር


ሽቱትጋርት
ሚያዝያ 2 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ሽኩር፣

ሰላምታዬ ከልብ ይድረስዎ። አላህ ቤታችሁን ይጠብቅ።

ካውያውን የላክሁት ራሷን እንዳያማት እንጂ የሰው ካኪ ስትተኩስ እንድታድር አልነበረም። አጎቴ፣ አልቆጣም፤ ለመቆጣትም መብት የለኝም፤ እርስዎ ነዎት ያሳደጉኝ። ግን ለማን ብዬ ነው የምማረው? ትምህርቴ የሚያልቀው በመጪው ዓመት ማብቂያ ነው። እስከዚያ እሷን በእግሯ ቆማ ማግኘት ነው የምፈልገው። ሌላ ምኞት የለኝም።

ሥራውን ተዪ ብላት እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። ቢያንስ በየመሐሉ ትረፍ። ከካውያ ላይ ተነስታ ቀዝቃዛ ውሃ አትንካ፤ በሙቀቷ ደጅ አትውጣ። ልጅ ሆኜ ጎረቤቱን ሁሉ እንዲህ እያለች ስትቆጣ የሰማኋት እሷን ራሷን ነው።

ሂሳቡ አለመቀነሱም ከንክኖኛል። የመብራት ሥራ ሊማር ከአዲስ አበባ የመጣ ኃይለ መስቀል የሚባል ልጅ እዚህ አገር አለ አሉ። ከተማው ሩቅ ነው፤ እንዳገኘሁት እጠይቀዋለሁ።

ልጅዎ ሰይፈዲን


ኮልፌ
ሰኔ 18 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰይፈዲን።

አላህ በሰላም ያክርምህ። ዛሬ ብዙ አልጽፍም፤ እጄም ቸኩሏል።

ክረምቱ ዘንድሮ በጊዜ ገባ። የመኮንኖቹ ልብስ አይደርቅም፤ እናትህ እርጥቡን በካውያ ነው የምታደርቀው። ቤቱ እንፋሎት በእንፋሎት ነው፤ ትንሽ ንፋስ ላግኝ ብላ በር ላይ ትወጣለች። ብርድ መትቷታል መሰለኝ ያስላታል። ዝንጅብሉንም ጤና አዳሙንም እየጠጣች ነው። ያልከውን ሁሉ ነግሬያታለሁ፤ «ሲያድግ እናቱን መምከር ጀመረ!» ብላ ሳቀች።

አሁን ለመብራቱ አይደለም የምለምንህ። ከቻልክ ለሐኪም የሚሆን ላክልኝ። በደብዳቤህ ግን እንዳታነሳባት፤ አልታመምኩም ነው የምትለው።

«ምክርህ ጠቅሞናል በለው። ካልሲህን ደርብ በለው» ብላሃለች።

አጎትህ ሽኩር


ሽቱትጋርት
ሐምሌ 20 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ሽኩር፣

አላህ እማዬን ያሽርልኝ። ያለኝን ሁሉ ልኬአለሁ፤ ፍራው ኬለርም የቤት ኪራዩን ታግሠውኛል። እባክዎ ዛሬ ነገ ሳይሉ ለሐኪም ያሳዩልኝ።

ኃይለ መስቀልን አገኘሁት። ነገሩን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁን ተወ። በእኛ ከተማ ለቤት መብራት የቀንና የሌሊት ዋጋ የለም አለኝ። ቀንም ሌሊትም አንድ ነው። ቆጣሪው ያለፈበትን ይቆጥራል እንጂ ሰዓት አያውቅም። ኤሌክትሪኩ የትም አገር ያው ነው፤ የሚሸጥበት ደንብ ግን እንደየአገሩ ነው። ይህን ሳላጣራ ጻፍኩላችሁ። እናንተም ከጀርመን የመጣ ቃል ነው ብላችሁ ተቀበላችሁኝ። ይቅር በሉኝ።

አጎቴ፣ ይህ ወረቀት በደረሰበት ማታ አዋጁን ይሻሩ። ዋጋነሽንም በእኔ ስም ይቅርታ ይጠይቁልኝ፤ እሷ ነበረች ልክ። እማዬ በጊዜ ትተኛ። ልብሱን መተኮሷ ካልቀረ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ትተኩስ። አንዲት ሌሊት እንኳ አትጨመርባት።

መልስዎን ቶሎ።

ልጅዎ ሰይፈዲን


ሽቱትጋርት
መስከረም 25 ቀን 1965 ዓ.ም.

አጎቴ ጋሼ ሽኩር፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። የሐምሌው ደብዳቤዬ ደረሰ ወይ? ገንዘቡስ? ፖስተኛው በደጅ ባለፈ ቁጥር በመስኮት እያየሁ ነው። ሁለት መስመርም ቢሆን ይጻፉልኝ። እማዬ እንዴት ናት?

ሰይፈዲን


ኮልፌ
ኅዳር 12 ቀን 1965 ዓ.ም.

ይድረስ ለተወደድከው ለልጃችን ለሰይፈዲን።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ ዘመንህን ይባርክ፤ ልብህን ያጽና፤ ከክፉ ሐሳብ ይጠብቅህ። ስለዘገየሁ አትቀየመኝ። ክረምቱ ከባድ ነበር፣ ከዚያ ረመዳን ገባ፣ እንጨቱም ፋታ አልሰጠኝም። ሁላችንም ደህና ነን።

ገንዘብ አትላክ። ለመብራቱም ለሐኪሙም የሚያስፈልገን የለም። የቤት ኪራይህን ክፈልበት፣ ደህና ካፖርት ግዛበት።

ስለ ሌሊቱ ዋጋ የጻፍከውን አነበብኩ። ልጄ፣ በእሱ እንቅልፍ እንዳታጣ! ያ ኃይለ መስቀል የምትለው ልጅ ምኑን ያውቃል? ምክርህ ሠርቷል! ከነሐሴ ወዲህ ሂሳባችን በግማሽ ወርዷል። እውነቴን ነው፣ በአላህ። ቆጣሪው ዛሬ እንደ ሽማግሌ ነው የሚራመደው። ዋጋነሽ እንኳ የምትለው አጥታለች። ስለዚህ አንተ ማንንም አልጎዳህም፤ ጠቀምከን እንጂ። ይህን በልብህ ያዝልኝ፣ ሌላውን ተወው።

እናትህ ሰላም ትልሃለች። «ልጄ ሆይ፣ አላህ የጀመርከውን ያስፈጽምህ፤ ለወገንና ለአገር የምትጠቅም ያድርግህ፤ በሄድክበት ሁሉ መልካም ስም ይስጥህ፤ ስለ እኔ ምንም አታስብ» ብላሃለች።

አጎትህ ሽኩር


ሽቱትጋርት
ታኅሣሥ 16 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ ሽኩር፣

አሰላሙ አለይኩም።

እናቴ መቼ ነው የሞተችው?

ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ደስ አለኝ። ለኃይለ መስቀል ላሳየው ባቡር ተሳፍሬ ሄድኩ። «ይኸው፣ ቀንሷል!» አልኩት። እሱ ወረቀቱን አየና፣ «ዋጋው አንድ ከሆነ፣ ሂሳብ እንዲህ የሚወርደው ይሠራ የነበረ ነገር ሲቆም ነው። ከቤታችሁ ምን ቆመ?» ብሎ ጠየቀኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንደ ትምህርት ጥያቄ ነው የጠየቀኝ። እኔም እንደ ትምህርት ጥያቄ ማሰብ ጀመርኩ። አምፖል ቢጠፋ ይህን ያህል አይወርድም። ራዲዮም አይደለም። ካውያው ነው።

በባቡሩ ስመለስ ሥራውን ትታው ይሆናል እያልኩ ራሴን አሞኘሁ። ብትተወው ግን እርስዎ ገንዘብ አትላክ ይሉኝ ነበር? ከዚያ የእሷን ቃል መልሼ አነበብኩት። ካልሲው የለም። እናቴ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ «ልጄ ሆይ» ብላኝ አታውቅም።

መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። ማለዳ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ በር ያንኳኳል፤ ስትወድቅ የሚይዝህ ክንድ አለ። የእኔን በር ማንም አላንኳኳም። እርስዎ ሊያጽናኑኝ ብለው በገዛ እጅዎ አረዱኝ። ፍራው ኬለር ጩኸቴን ሰምተው ወጡ። እሳቸው አማርኛ አያውቁ፣ እኔም ጀርመንኛው ጠፋብኝ። እጄን ይዘው ደረጃው ላይ አብረውኝ ተቀመጡ።

አጎቴ፣ ለምን በሞተች እናቴ አፍ አወሩኝ? የሞተችውስ በእኔ ምክር ነው ወይ? ይህን እንዳይደብቁኝ። ከእንግዲህ ከእርስዎ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው።

ሰይፈዲን


ኮልፌ
ጥር 20 ቀን 1965 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሰይፈዲን።

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አላህ ሶብሩን ይስጥህ፤ እሷንም በጀነት ያኑርልን።

እናትህ ያረፈችው ነሐሴ 14 ቀን ነው። ሳንባዋን ነው ያሉን ሐኪሞቹ። እዚሁ ኮልፌ መቃብር ነው ያለችው፤ ከቤታችን በእግር ይደረሳል። መቃብሯ ውስጥ ወርጄ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። የሐምሌው ደብዳቤህና ገንዘብህ የደረሱን ለቀስተኛው ገና ሳይበተን ነው። ገንዘቡን ለሰደቃዋ አዋልኩት። ደብዳቤህን ግን ጓሮ ዞሬ ለብቻዬ አነበብኩት፤ አጣጥፌም ኪሴ ከተትኩት።

ሽማግሌዎቹ መርዶ በወረቀት አይነገርም አሉኝ። ተምረህ ስትመጣ ተቀብለንህ፣ ዘመድ ቤት አሳድረንህ፣ ማለዳ ተሰብስበን ልንነግርህ ነበር። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛውን ደግሞ ላንተ ልናዘዝ፦ ፈራሁ። አንተ «በምክሬ ሞተች» ብለህ እንዳታብድ ፈራሁ፤ ሰውም «በአዋጁ ገደላት» እንዳይለኝ ፈራሁ። ሂሳቡ ሲወርድ አየሁና በእሱ ልሸፍንህ አልኩ። ለምን እንደወረደ አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው፤ በደንብ አውቃለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ወረቀት የያዝኩ ሞኝ ነበርኩ።

አሁን ጥያቄህን ልመልስ። የታኅሣሡ ደብዳቤህ ሲመጣ ብቻዬን መሸከም አቃተኝና ለዋጋነሽ አነበብኩላት። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣ «ጋሼ ሽኩር፣ ሰዓዳ እኮ ታውቅ ነበር» አለችኝ።

ባለፈው ዓመት በመጋቢት፣ እኔ አጠና ተራ ሳለሁ፣ የመብራት ሰውዬ ቆጣሪ ሊያነብ መጥቷል። እናትህ የሌሊቱ ዋጋ ስንት እንደሆነ ጠየቀችው። «እትዬ፣ ቀኑም ሌሊቱም ያው ነው፤ ማን ነው እንዲህ ያላችሁ?» አላት። ዋጋነሽ እዚያው ነበረች። ሮጣ መጥታ ልትስቅብኝ ስትል እናትህ ነጠላዋን ጎትታ አስቆመቻት። «ተይው ዋጋዬ። ወንድሜ በሰው ፊት አዋጅ ነግሯል፤ ልጄም ከጀርመን ጽፏል። ግቢው በሁለቱ ሲስቅባቸው ቆሜ አላይም። እኔ እንደሆነ ሌሊትም ቀንም ያው ልብስ ነው የምተኩሰው» አለቻት።

ዋጋነሽ ምላሷ እንደማያርፍ ታውቃለህ፤ ለየቤቱ በሹክሹክታ አዳርሳዋለች። ሰይፉዬ፣ ሰው ግን ትንፍሽ አላለም! ለሰዓዳ ብለው በኩራዝ እራት በሉ። ለሰዓዳ ብለው ራዲዮናቸውን ዘጉ። ከሞተችም በኋላ እኔን ላለማሳፈር እንዲሁ ቀጠሉ። ግቢው በሙሉ ያውቅ ነበር፤ የማናውቀው እኔና አንተ ብቻ ነበርን።

ምክርህ ገደላት ወይ ላልከው፣ አላውቅም። እርጥቡ ልብስ ነው፣ ብርዱ ነው፣ ሌሊቱ ነው፣ ቀኗም ደርሷል። ግን ከመጋቢት ወዲህ ምክርህን አምና አልነበረም የምታድረው። ላንተ ስምና ለእኔ ክብር ብላ ነው። ይህ ይቅለልህ ይክበድህ አላውቅም፤ እኔን ከብዶኛል። አትደብቀኝ ስላልከኝ ነው የጻፍኩት።

ትናንት ሲመሻሽ ግቢውን ሰበሰብኩና፣ ያን ጊዜ በቆምኩበት ቦታ ቆሜ አዋጁን ሻርኩ። ስህተት ነበር አልኩ፤ የእኔ ስህተት ነበር አልኩ። ማንም አልሳቀም። ዋጋነሽ ገብታ አምፖሏን አበራች፤ ከዚያ ሌሎቹም አንድ በአንድ አበሩ። ገና ከመምሸቱ ግቢው በሙሉ ብርሃን ሆነ። እኔ ደጅ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ካውያው በሻሿ ተጠቅልሎ ሣጥኗ ውስጥ ነው። ከነሐሴ ወዲህ ማንም አልሰካውም፤ ያንተው ነው፤ ስትመጣ ታገኘዋለህ። ትምህርትህን ጨርስና ና። ተቀይመህ ቀርተህ እኔን ደግሞ እንዳትጨርሰኝ።

ሁለተኛ በእሷ አፍ አላወራህም። ይህን ግን በራሴ አፍ ልበልህ፦ ካልሲህን ደርብ።

አጎትህ ሽኩር